ፍላተር፣ ጃቫስክሪፕት ወይስ ኮትሊን? አንድ ኮድ ለሦስት መሣሪያ

ጀማሪ_ኮደር፦ ሰላም ቤቶች! ሁለት ሆነን ለመድኃኒት ቤት የስቶክ መመዝገቢያ አፕ ልንሠራ ነው። ሻጯ አንድሮይድ ስልክ፣ ባለቤቱ አይፎን፣ ካሸሯ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ይጠቀማሉ። ሦስት ጊዜ መጻፍ አንችልም። ኢንተርኔት ሲጠፋም ስልኩ ላይ መሥራት አለበት። ጓደኛዬ ፍላተር (የጉግል አፕ መሥሪያ) ይላል፣ እኔ የምችለው ጃቫስክሪፕት ነው። ምን ይሻላል?

ደማቅ_ስክሪን፦ ፍላተር ነዋ፣ ምኑ ያከራክራል? በፍላተር ቋንቋ በዳርት የተጻፈ አንድ ኮድ ሦስቱም ላይ ይሄዳል። የዊንዶውሱም ከ2022 ጀምሮ ስቴብል (ከሙከራ የወጣ) ነው። በተኑንም ጽሑፉንም ራሱ ስለሚስለው አንድሮይድ ላይ ያየኸው አይፎን ላይም ያው ነው። በጃቫስክሪፕት የሚጻፈው ሪአክት ኔቲቭ ግን የየስልኩን በተን ስለሚጠራ አንዱ ጋ ሲያምር ሌላው ጋ ይንጋደዳል።

የቦሌዋ፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ልጁ ጃቫስክሪፕት እችላለሁ እያለህ ነው። ዳርትን ከፍላተር ውጭ የት ሊጠቀምበት ነው? ነገ ጓደኛው ሥራ አግኝቶ ቢሄድ ጃቫስክሪፕት የሚችል ሰው አያጣም።

ደማቅ_ስክሪን፦ የቤት ኪራይ አፑ ኤርቢኤንቢ እኮ በ2018 ሪአክት ኔቲቭን ጥሎ ወጥቷል።

የቦሌዋ፦ ኤርቢኤንቢና ሁለት ልጆች አንድ ናቸው? እነሱ ለየስልኩ ለየብቻ የሚቀጥሩበት ገንዘብ አላቸው።

ኮትሊን_ወዳድ፦ ኮትሊን መልቲፕላትፎርም (የኮትሊን ቋንቋን ኮድ ለብዙ መሣሪያ ማጋሪያው) ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ስቴብል ሆኗል። ስሌቱን አንዴ ትጽፋለህ፣ ስክሪኑን ከፈለግክ ለየብቻ።

የቦሌዋ፦ «ለየብቻ» ያልካት ላይ ነው ልጆቹ የሚያልቁት።

አባ_ጃቫ፦ ልጆች፣ በ1995 ጃቫ ሲመጣም «አንዴ ጻፍ፣ የትም አስኪድ» ተብሎ ነበር። ባለሙያው ደግሞ «አንዴ ጻፍ፣ የትም ስታርም ዋል» እያለ ይቀልድበት ነበር። ቋንቋውን ለጊዜው ተዉትና፣ የካሸሯ ኮምፒውተር ስንተኛው ዊንዶውስ ነው?

ጀማሪ_ኮደር፦ ጋሼ፣ ትናንት ሄጄ አየሁት። ዊንዶውስ 7!

አባ_ጃቫ፦ በሉ እንግዲህ። በጃቫስክሪፕት የኮምፒውተር አፕ የሚሠራበት ኤሌክትሮን በ2023 ከ23ኛው ቨርዥን ጀምሮ 7ን ትቶታል። አዲሱ ፍላተርም 10ን ነው የሚጠይቃችሁ።

ደማቅ_ስክሪን፦ ዊንዶውሱ ይቀየርላታ!

አባ_ጃቫ፦ በማን ብር?

የቦሌዋ፦ ጋሼ ልክ ነዎት። ለካሸሯ ድረ ገጽ ይበቃታል፣ ክሮም 109 እዚያ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል። ደግሞ ብሮውዘር ውስጥ ያለው ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ካላንደር ከነጳጉሜው ያውቃል። የዳርት መደበኛ ቀን ግን የፈረንጅ ብቻ ነው፣ ሌላ ፓኬጅ መፈለግ አለብህ።

ደማቅ_ስክሪን፦ የመድኃኒቱ ኤክስፓየር ዴት ካርቶኑ ላይ በፈረንጅ አይደል የሚታተመው? ጳጉሜ ምን ታደርግልሃለች?

የቦሌዋ፦ ካርቶኑ ላይ አዎ። ባለቤቱ ግን «የመስከረም ሽያጭ ስንት ነው?» ነው የሚለው።

ጀማሪ_ኮደር፦ እውነቷን ነው፣ እንደዚያ ነው የሚለው።

አባ_ጃቫ፦ ፍለጋውንም እንዳትረሱ። ሻጯ «መድሀኒት» ብላ ስትጽፍ እናንተ «መድኃኒት» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ምንም አይወጣላትም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ከመፈለጉ በፊት ወደ አንድ የሚያመጣቸውን ኮድ ዳርትም ሆነ ኮትሊን በነፃ አይሰጣችሁም። ቁጭ ብላችሁ ጻፉት።

ኮትሊን_ወዳድ፦ ለአይፎኑስ ማክ አላችሁ? የአይፎን አፕ የሚሠራበት ኤክስኮድ ያለ ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) አይሠራም። አፕ ስቶር ላይ ለማውጣት ደግሞ በዓመት 99 ዶላር ነው። ፕሌይ ስቶር አንዴ 25 ከፍለህ ትገላገላለህ።

ጀማሪ_ኮደር፦ ማክ ከየት መጥቶ! አሁን ባለቤቱ ጋ ደውዬ ነበር። አይፎኑን የሚፈልገው ማታ ማታ ሽያጩን ለማየት ብቻ ነው፣ በሳፋሪ ቢያየው ግድ የለውም። ስለዚህ ለእሱና ለካሸሯ ድረ ገጽ፣ ለሻጯ አንድሮይድ። ስልኳ ባለ 2 ጊጋ ራም ነው።

ደማቅ_ስክሪን፦ ለአንድሮይዱ እንግዲህ ፍላተር...

የቦሌዋ፦ ኧረ ተመለሰበት!