የሳንባ ተሃድሶ ፕሮግራም ያለ ትሬድሚል እንዴት ይጀመር?

ጥያቄ (ፊዚዮቴራፒስት፣ ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው ሰዎች የተሃድሶ ፕሮግራም ልንጀምር ነው። ገሚሶቹ ከቲቢ ድነው ሳንባቸው ተጎድቶ የቀረ፣ ሌሎቹ ዕድሜ ልካቸውን የማገዶ ጭስ ሲምጉ የኖሩ እናቶች ናቸው። ትሬድሚልም (የመራመጃ ማሽን) የቤት ውስጥ ብስክሌትም የለንም። ያለን ሁለት የጣት ኦክሲሜትር (የደምን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካ)፣ ረጅም ኮሪደርና አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። የእርምጃውን መጠን በምን እንወስን? ሰው ጀምሮ እንዳያቋርጥስ?

መልስ 1

ኮሪደሩ ይበቃችኋል። 30 ሜትር ለክታችሁ ጫፍና ጫፉ ላይ ወንበር አስቀምጡና የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና ስጡ። ሁለት ጊዜ ይሁን፤ በመሐሉ ቢያንስ 30 ደቂቃ ዕረፍት፤ የሚመዘገበው የተሻለው ርቀት ነው። ሰው ፈተናውን ስለሚለምደው ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ አንዴ ብቻ ከለካችሁ በስተመጨረሻ ያያችሁት ለውጥ ከልምምዱ ይምጣ ከመልመድ አይለይም። ከታካሚው ጎን አትሂዱ፣ ሳያውቀው በእናንተ ፍጥነት ይራመዳል፤ ከኋላ ተከተሉት። በኦክሲሜትሩ የሚነበበው ኦክስጅን ከ80 በመቶ ከወረደ ፈተናው ይቁም።

ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። 300 ሜትር የሄደ ሰው በደቂቃ 50 ሜትር ተጉዟል። የዚያ 80 በመቶ 40 ሜትር ነው፤ ስለዚህ የ10 ደቂቃ ልምምዱ 400 ሜትር፣ ማለትም ኮሪደሩን 13 ጊዜ ያህል። ቀስ በቀስ ወደ 20 እና 30 ደቂቃ ከፍ ይላል። የትንፋሽ ማጠሩን ከ0 (ምንም) እስከ 10 (እጅግ የከፋ) አስቆጥሩት፤ ከ4 እስከ 6 ከሆነ ልክ ነው። «ምንም አይልም» እያለ የሚጨርስ ሰው ጭነቱ ቀሎታል፣ ጨምሩለት። ብዙ ፕሮግራም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው፦ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ይሄዳል፣ ደካማው ይቀራል፣ ጠንካራው አይሻሻልም።

መልስ 2

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ከመለካት በፊት ማጣራት ይቅደም። ቲቢ ታክሞ የዳነ ሰው እንደገና ካሳለ፣ ከከሳ ወይም ሌሊት ካላበው መጀመሪያ አክታው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ) ይታይ። በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ያጠቃው ወይም ዕረፍት ላይ ሆኖ ደረቱን የሚያመው ሰው ለጊዜው አይግባ። ሳልቡታሞል (የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት) የታዘዘለት ከልምምዱ 15 ደቂቃ በፊት በስፔሰር (ከመንፊያው ጋር በሚገጠም ቱቦ) ይሳብ።

ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ዕረፍት ላይ የሚነበበው ኦክስጅን ከቆላው ዝቅ ሊል ይችላል፤ የእያንዳንዱን መነሻ ጻፉ። ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍሩ ከተቀባ ኦክሲሜትሩ ያሳስታል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ጣቱን አሙቁ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ኦክስጅኑ ቶሎ የሚወርድበትን ሰው 1 ደቂቃ አስኪዱ፣ 1 ደቂቃ አሳርፉ።

መልስ 3

ስለ ማቋረጡ፦ ቀኑን ከገበያ ቀን ጋር አጋጥሙት፤ ከገጠር የሚመጣው ሰው ለትራንስፖርት ሁለቴ አያወጣም። ሰዓቱ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ቢሆን ብርዱም ይቀላል፤ የሚጾመው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆዱን ሲራመድ ያዞረዋል። በሳምንት 2 ቀን ለ6 እስከ 8 ሳምንት በቂ ነው። ዩጋንዳ ውስጥ ከቲቢ በኋላ ሳንባቸው ለተጎዳ ሰዎች የተሠራው ፕሮግራም በሳምንት ሁለቴ ለ6 ሳምንት ነበር። ሌላውን ቀን ቤታቸው ይሥሩ።

የእግር ጡንቻን አትርሱ፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ለክንድ የ2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሲሞላ 2 ኪሎ ነው፤ ሲቀል አሸዋ ሙሉበት። ሲነሱ በከንፈር ጫፍ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ትንፋሽ ይዞ መነሳት ነው የሚያዞራቸው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልን። ኮሪደሩ በጉብኝት ሰዓት ይጨናነቃል፤ ግቢው ውስጥ ቢሆንስ?

መልስ 1

ልምምዱ ሜዳው ደልዳላ ከሆነና አቧራ ከሌለው ይሻላል፣ አየሩም ክፍት ነው። ፈተናው ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እዚያው ኮሪደር ላይ ይሁን፤ ልዩነቱ 30 ሜትር ከደረሰ ታካሚው የሚሰማው ለውጥ ነው፣ የቦታ ለውጥ ብቻውን ያን ሊያዛባው ይችላል።