ከውጭ የተመለሰ የሐላል ዶሮ፦ የምስክር ወረቀቱ ብቻ ይበቃል?

የጥራት ተቆጣጣሪዋ፦
አሰላሙ ዓለይኩም። ወደ ውጭ የላክነው የበረዶ ዶሮ ተመለሰብን። ሥጋው እንከን ተገኝቶበት ሳይሆን ገላጭ ጽሑፉ ላይ የመጠቀሚያ ጊዜው ቀንና ወር ተገለባብጦ ስለታተመ ነው። ዛሬ ጠዋት ኮንቴይነሩ ሲደርስ ግን የበሩ እሽግ ቁጥር በሰነዳችን ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። ውስጡ አንድ ፓሌት (ካርቶኖች የሚደረደሩበት መደብ) እኛ በማንጠቀምበት ሰማያዊ ፕላስቲክ ተጠቅልሏል። ከሥሩ ያሉት ሁለት ካርቶኖች ማዕዘናቸው ለስልሷል፣ ቡናማ እድፍም ይዘዋል። ኃላፊዬ «የሐላል ምስክር ወረቀቱ እጃችን ላይ ነው፤ ጽሑፉን ቀይረን እንሽጠው» ይላል። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰው አምኖን የሚበላው ነገር ነው። ምን ላድርግ?

የመጋዘን ሰው፦
ወዓለይኩም ሰላም እኅቴ። ልክ ነሽ። ያ ወረቀት የሚመሰክረው ስለ እርዱና ስለ አመራረቱ ነው፤ ስለ መልስ ጉዞው ምንም አያውቅም። ዕቃ ሲሄድ ባለቤት አለው፤ ሲመለስ ግን ቦታ በተገኘበት ይጫናል፣ ከማን ጋር እንዳደረም የሚጠይቅ የለም። ማሌዥያ ለማጓጓዣ፣ ለመጋዘንና ለችርቻሮ ለየክፍሉ ኤምኤስ 2400 የተባለውን የሐላል ደረጃ ያወጣችው ያለ ምክንያት አይደለም።
አሁን ዕቃውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነው ቅዝቃዜ ሳታስወጪ፣ ከሌላው ለይተሽ «አይነካ» ብለሽ ጻፊበት። ከዚያ ለአጓጓዡ ጻፊ፦ እሽጉን ማን ፈታው? የት መጋዘን አደረ? ከጎኑ ምን ነበር?

ተማሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በፊቅህ፣ ማለትም በእስልምና የሕግ ትምህርት፣ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ አይወገድም። ደረቅ ካርቶን ከደረቅ ካርቶን ጎን ስለተቀመጠ ብቻ ነጃሳ (ርኩስ ነገር) አይተላለፍም። ሁሉንም ሐራም ነው ብሎ መጣልም ራሱን የቻለ ብክነት ነው። እርጥበት የነካቸው ሁለቱ ግን ጉዳያቸው ሌላ ነው።

የመጋዘን ሰው፦
እውነት ብለሃል፤ ነገር ግን ነጋዴ ለሌላው ሰው ዋስ ስለሚሆን ማስረጃ መያዝ አለበት። ደግሞም ኮንቴይነሩ የአሳማ ሥጋ ጭኖ ከነበረና ፈሳሹ ከነካው፣ ከእስልምና የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ በሆነው በሻፊዒ መዝሀብ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ እጥበት አፈር በተቀላቀለበት ውኃ ነው። ይህ የሚያጠራው ብረቱን ነው። ካርቶን ውስጥ የሰረገ ፈሳሽ እንዲህ ታጥቦ አይወጣም።

የጥራት ተቆጣጣሪዋ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። አጓጓዡ ከሰዓት በኋላ መለሰልኝ። እሽጉን የፈታው ጉምሩክ ነው፤ አዲሱ ቁጥር በፍተሻ ወረቀታቸው ላይ ሰፍሯል፣ ከበሩ ጋርም አመሳክሬዋለሁ። ያ ነገር ቀለለኝ። ሰማያዊው ፕላስቲክ ግን ከጋራ መጋዘን የመጣ ነው፤ ዕቃችን እዚያ 12 ቀን ቆይቷል፣ ከጎኑ ምን እንደነበረም መዝገብ የላቸውም። ስለዚህ ያን ፓሌት ሙሉውን ከሽያጭ አውጥቼዋለሁ። ኃላፊዬ ተቆጥቷል፤ እድፉን ወስጄ ሳሳየው ግን ዝም አለ። ስለ ቀሪው ፎቶዎቹንና የቅዝቃዜ መዝገቡን አያይዤ ለምስክር ወረቀት ሰጪው ጽፌያለሁ። መልስ እስኪመጣ አዲስ ጽሑፍ አይለጠፍም፤ የመጋዘኑ ቁልፍም እኔ ጋ ነው።