ሾክ አብዞርበር ስፈታ ውስጥ የሆነ ነገር ጓ ብሎ ወጣ፣ ካምቢዮው ተሰብሮ ይሆን? አስቸኳይ!!

ብሩክ ኮሮላ፦
ወገን ድረሱልኝ መኪናው አሁን ግቢ ውስጥ ክሪክ ላይ ነው ያለው። ኮሮላ 2004 አውቶማቲክ። በሹፌር በኩል የፊቱን ሾክ ልቀይር ብዬ የታቹን ሁለት ቡሎን ሳወጣ ሃቡ (ጎማው የሚታሰርበት) ከነፍሬኑ ወደ ውጭ ዘፍ አለና ከውስጥ በኩል ጓ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዛ በኋላ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ሃቡን በእጄ ሳዞረው ዝም ብሎ ይዞራል፣ መዞር የለበትም አይደል? ካምቢዮውን ሰብሬዋለሁ ማለት ነው? የግቢውን በር ዘግቶ ነው የቆመው፣ አከራዬ ጠዋት መኪናቸውን ማውጣት አለባቸው፣ እኔም እናቴን ሆስፒታል ላደርስ ነበር። አዲሱ ሾክ እጄ ላይ አለ

የጀሞው ልጅ፦
አይዞህ ካምቢዮ በዚህ አይሰበርም። ሃቡን ወደ ውስጥ ግፋው ይገባል

ጋሽ ታዴ ዲኤክስ፦
ልጄ መጀመሪያ ከመኪናው ስር ውጣ። ክሪክ ለማንሳት ነው የተሰራው፣ አንስቶ ለማቆየት አይደለም፣ ይህን ስንቴ እንደምንናገር። የፈታኸውን ጎማ ከሻሲው ስር አጋድመህ አስገባ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ። ብሎኬት እንዳታስብ! ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደት ሲያርፍበት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ወፍራም እንጨት ካለህ እሱ ይሻላል። እኔ የድሮዋን ኮሮላ ዲኤክሴን ዕድሜዬን ሙሉ እራሴ ነው የምጠግነው፣ በኋላ እግሩ ስለሚነዳ ፊት ላይ ሻፍት የሚባል፣ ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል የሚወስድ ዘንግ የለውም፣ ሾክ ስትፈታ የሚወጣብህ ነገር የለም። የአሁኖቹ ሞተሩም ካምቢዮውም ሻፍቱም ፊት ላይ ታጭቆ አንዱን ስትነካ ሌላው ይከተልሃል

ብሩክ ኮሮላ፦
እሺ ጋሽ ታዴ ጎማውን ከስር አስገብቻለሁ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የካምቢዮውን ነገር እባካችሁ እየመሸ ነው

አቤል 22፦
ቆይ አንተ ግን ሾኩን ለምን ፈታኸው? ዘይት ያፈስ ነበር?

ብሩክ ኮሮላ፦
አያፈስም፣ ኮብልስቶን ላይ ኳኳ ይል ነበር። ሾክ ነው ተባልኩ

አቤል 22፦
ያው ነው፣ ማን እንዳለህ አላውቅም ግን ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለህ ስትሄድ ኳኳ የሚል ነገር አብዛኛውን ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፣ መኪናው መታጠፊያ ላይ እንዳይጋደል የሚይዘውን ብረት ከሾኩ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ዘንግ። ሾክ ሲያልቅ መኪናው ጉብታ ካለፈ በኋላም ይዋኛል፣ ጥጉን ተጭነህ ስትለቀው ደጋግሞ ይነሳል ይወርዳል። ሊንኩ ሾኩ ላይ ነው የሚታሰረው ስለዚህ አሁን ፈተኸዋል፣ ጫፉን በእጅህ ያዝና አወዛውዘው፣ ላላ ካለ ሌባህ እሱ ነው ዋጋውም ከሾክ ጋር አይወዳደርም። ደግሞ ሾክ አንድ ብቻ አይቀየርም፣ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ነው

ብሩክ ኮሮላ፦
እሱን ነገ እንነጋገርበታለን ወንድሜ አሁን መኪናው ተበትኖ ነው ያለው

መሲ ጋራዥ፦
ብሩክ ተረጋጋ፣ ካምቢዮህ ደህና ነው። የሆነውን ልንገርህ። ሾኩ ሃቡን ከላይ ቀጥ አድርጎ የያዘው ነገር ነው፣ እሱን ስትፈታው ሃቡ በታች ቦል ጆይንቱ ብቻ ስለቀረ ወደ ውጭ ተጋደመና ሻፍቱን አብሮ ጎተተው። ሻፍቱ በካምቢዮው በኩል ሶስት ሮለር ያለው ጆይንት አለው፣ ሮለሮቹ ሶስት ቦይ ያለው ኩባያ ውስጥ ነው የሚንሸራተቱት፣ ከልክ በላይ ሲጎተቱ ከኩባያው ይወጣሉ። የሰማኸው እሱ ነው። ሌላኛው ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ማርሹ ፒ ላይ እያለ ሃቡ በነፃ መዞሩም ለዚህ ነው፣ ሻፍቱ ከኩባያው ጋር ስለተላቀቀ እንጂ የተሰበረ ማርሽ ስላለ አይደለም።

አሁን ባትሪ አብራና በካምቢዮው በኩል ሻፍቱ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን እይ። ካልተቀደደ ሃቡን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ሻፍቱን በአንድ እጅህ ከኩባያው ጋር ቀጥታ አድርገህ ቀስ ብለህ እያዞርክ ወደ ውስጥ ግፋው፣ ሶስቱ ሮለር ቦያቸውን ሲያገኙ ይንሸራተታል። መዶሻ አይነካውም! ገባ ብለህ እንዳታምን፣ ፒ ላይ እንዳለ ሃቡን አዙረው፣ እምቢ ካለ ገብቷል።

በእጅ ካልገባ የሽፋኑን ትልቁን ፋሸታ (ማሰሪያውን) ቆርጠህ ሽፋኑን ወደ ኋላ ሳበው፣ ውስጡን በዓይንህ እያየህ ታስገባዋለህ። በዛን ጊዜ ሶስቱም ሮለሮች መኖራቸውን እይ፣ ውስጣቸው እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች አሉ፣ ከነሱ አንድ እንኳን ከወደቀ መኪናውን እንዳትነዳው። አሸዋ ከገባበት ጠርገህ ለሻፍት የሚሆነውን ግራሶ ጨምር፣ ፋሸታው በአዲስ ይታሰራል።

ሻፍቱን ጠቅላላ ከካምቢዮው ለመንቀል ደግሞ እንዳትሞክር፣ ዘይት ይፈስብሃል ዘይቱን የሚያግደውን ኦይል ሲልም ልታበላሸው ትችላለህ። የፍሬን ቱቦውስ? ሃቡ ሲወድቅ ተወጥሮ ከነበረ አጥፈህ ስንጥቅ ካለው እይ። እስክትጨርስ ሃቡን በሽቦ ወደ ውስጥ እሰረው፣ ካሊፐሩም (የፍሬን ሸራውን የሚጨምቀው) በቱቦው እንዳይንጠለጠል

የጀሞው ልጅ፦
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ግፋው ይገባል 😂

ሀና ቨርጂኒያ፦
ማንም ያላነሳውን ላንሳ፣ አዲሱ ሾክ ሞላ አለው ወይስ ባዶውን ነው? ባዶ ከሆነ ሞላውን ከአሮጌው ማዛወር አለብህ፣ ከላይ መሃል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ በፍፁም እንዳትፈታ!! ሞላው ተጨምቆ ነው ያለው ሲለቀቅ ሰው ይገድላል። እዚህ አሜሪካ የመለዋወጫ ሱቆች የሞላ መጭመቂያውን በመያዣ ያውሱሃል፣ ስትመልስ ብርህን ይሰጡሃል

አቤል 22፦
ሀናዬ እኛ ጋ ሱቁ የሚያውስህ ትዕግስት ብቻ ነው 😂

መሲ ጋራዥ፦
ሀና ልክ ናት፣ እኔ ቀድሜ ማለት ነበረብኝ። ብሩክ ሾኩን ከነሞላው ተሸክመህ ቅርብህ ያለ ጋራዥ ውሰደው፣ መጭመቂያ አላቸው፣ እዛው አዛውረው ይሰጡሃል። ጠዋት መኪናው ከበሩ ላይ መነሳት ካለበት ደግሞ አሮጌውን ሾክ እንዳለ መልሰህ እሰረው። አያፈስም ብለሃል አይደል? ችግር የለውም

ብሩክ ኮሮላ፦
ገባ!!! ሃቡ አሁን አይዞርም። ሽፋኑም አልተቀደደም። አሮጌውን መልሼ እያሰርኩ ነው መሲ እድሜ ይስጥሽ

ብሩክ ኮሮላ፦
ደህና አደራችሁ፣ እየነዳሁት ነው የመጣሁት ኳኳውም አለ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ የኤቢኤስ መብራት በራ ከትናንት በፊት አልነበረም። የሻፍቱ ነገር ነው?

መሲ ጋራዥ፦
ከሻፍቱ ይልቅ የሴንሰሩን ሽቦ ጠርጥር። ከሃቡ ተነስቶ በሾኩ ላይ በማቀፊያ ታስሮ የሚያልፍ ቀጭን ሽቦ አለ፣ ሃቡ ሲወድቅ ተጎትቶ ተበጥሶ ወይ ሶኬቱ ላልቶ ይሆናል። መስመሩን በእጅህ ተከተለው። ተራው ፍሬን ይሰራል፣ ግን ዝናብ ላይ አደራ፣ ጎማ ሲቆልፍብህ የሚያላቅቅልህ የለም። ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዛው አቁመው። ሁለቱ የታች ቡሎኖች ቀዳዳቸው ውስጥ ትንሽ ይጫወታሉ፣ ሲታሰሩ ጎማው የሚቆምበት ማዕዘን ይለወጣል፣ ስለዚህ አላይመንት ሳታሰራ ብዙ እንዳትነዳ ጎማህን በአንድ በኩል ይበላብሃል

አቤል 22፦
ሊንኩን አወዛወዝከው?

ናቲ ያሪስ፦
ሰላም፣ የኔ ሽፋኑ ተቀዷል ግራሶው ቸርኬው ላይ ሁሉ ተረጭቷል፣ ሶማሌ ተራ ሽፋኑን ለብቻው ይሸጣሉ ወይስ ሻፍቱን ሙሉውን ነው የምገዛው? ብሩክ አንተስ አላይመንቱን አሰራኸው?