ክላርኔት ተማሪዎች፣ ምን ይዛችኋል? ምን ትመኛላችሁ?

ከአራት ኪሎ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክላርኔት የምትማሩ ወይም የምትጫወቱ ካላችሁ ሐሳባችሁን በጣም እፈልጋለሁ። እኔ የያዝኩት ያማሃ 250 ነው፣ ፕላስቲኩ። ከእኔ በፊት ሌላ ተማሪ ሲጫወትበት የቆየ ነው። ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) አብሮት የመጣው 4ሲ ነው። ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረው ስስ ሸምበቆ) ሲገኝ ቫንዶረን ሰማያዊው ቁጥር 2 ተኩል፣ ሳይገኝ ደግሞ ያለውን።

ታችኛው ድምፅ ደስ ይለኛል፣ ሞቅ ያለ ነው። ችግሬ ስወጣ ነው። ከመሃሉ ቢ ፍላት ወደ ላይኛው ቢ ስሻገር ድምፁ ይሳሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይወጣም ወይም ይጮህብኛል። መምህሬ ልምምድ ነው የሚለኝ። ልምምዱን እየሠራሁ ነው፣ ግን ዕቃውም እጁ ያለበት ይመስለኛል።

አሁን አክስቴ ለገና ከአሜሪካ ትመጣለች፣ ምን ላምጣልሽ ብላኛለች። እንዲህ ዓይነት ዕድል በየዓመቱ አይገኝም። ልቤ ያለው ቡፌ ክራምፖን ኢ11 ላይ ነው፣ የእንጨቱ። የክፍሌ ልጅ አለው፣ አስሞክሮኛል፣ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ኢ11 ላስመጣ? አዲስ ያማሃ 255 ይሻለኛል? ወይስ የያዝኩትን ይዤ ሌላ ነገር ላሻሽል? እናንተስ ምን ይዛችሁ ነው የምትጫወቱት፣ ምንስ ነው የምትመኙት?

ማርሽ ባንድ፦
እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን ማርሽ ባንድ ውስጥ ነው የነፋሁት፣ ፀሐይ ላይም ዝናብ ላይም። እስካሁን የማምነው ፕላስቲክ ያማሃን ነው። ያንቺ 250 ደግሞ ጥሩ ዕቃ ነው፣ በደንብ ከተያዘ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። 255 የእሱ ተከታይ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አዲስ የሚያስገዛ አይደለም።

መጀመሪያ ግን ያለሽ ዕቃ ያስተነፍስ እንደሆነ እይ። የላይኛውን ክፍል ብቻ ነቅለሽ ያዢ። የፊቶቹን ቀዳዳዎች በጣት፣ የኋላውን በአውራ ጣት ድፈኚ። የታችኛውን ጫፍ በሌላው መዳፍሽ ግጠሚውና ከላይ በአፍሽ አየሩን ሳቢው። አፍሽን ጥብቅ አድርጎ ጥቂት ሰከንድ ከያዘ ደህና ነው። ወዲያው ከለቀቀ አንዱ ፓድ (ቀዳዳውን የሚዘጋው ለስላሳ ክዳን) አይዘጋም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው፣ ላያቸው ላይ ያለችው ስስ ሽፋን ትቀደዳለች። ታችኛውንም ክፍል እንዲሁ ሞክሪው።

የላይኛው ቢ ችግርሽ ግን ከታች ሊሆን ይችላል። እሱን ስታወጪ በትንሿ ጣትሽ የምትጫኚው ቁልፍ ታች ያሉትን ሁለቱን ትልልቅ ፓዶች አንድ ላይ መዝጋት አለበት። ከሁለቱ አንዱ በፀጉር ስፋት ክፍት ከቀረ ድምፁ ይሳሳል፣ ወይም እምቢ ይላል፣ ልክ አንቺ እንደምትይው። የሲጋራ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጠሽ ፓዱ ሥር አስገቢ፣ ቁልፉን በቀስታ ተጫኝና ወረቀቱን ሳቢው። ሁለቱም ፓዶች ወረቀቱን እኩል መያዝ አለባቸው። አንዱ ጥብቅ አንዱ ላላ ካለ ጠጋኝ ጋ ውሰጂው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ ማውዝፒስ ቀይሪ። 4ሲ ለጀማሪ ይሆናል፣ አፉ፣ ማለት በጫፉና በሪዱ መካከል ያለው ክፍተት፣ ጠበብ ያለ ነው፣ 1.05 ሚሊሜትር። ቫንዶረን ቢ45 ወደ 1.2 ሚሊሜትር ይደርሳል፣ ድምፁ ይሰፋል፣ ትንፋሽ ግን ይፈልጋል። ከሁለቱ መሃል የሚውለው የቫንዶረኑ 5አርቪ ላየር ነው። ላንቺ እሱን ነው የምመርጠው። ማውዝፒስና ሪድ ላይ የምታወጪው ገንዘብ አካሉ ላይ ከምታወጪው ይልቅ ቶሎ ይሰማሻል።

ጥቁር እንጨት፦
ማውዝፒሱ ላይ እስማማለሁ። ግን ኢ11 ይዤ ስለምጫወት ለእንጨቱም ልናገርለት። ከፕላስቲክ ስሻገር መጀመሪያ የተሰማኝ ድምፁ ሳይሆን ጣቴ ሥር ያለው ነገር ነው። ቁልፎቹ የበለጠ ይታዘዛሉ፣ ፒያኖ፣ ማለት በለሆሳስ፣ ስጫወት ድምፁ አይጠፋብኝም፣ ረጅም ኖታ ላይ ቀስ እያልኩ ሳሳድገው አብሮኝ ያድጋል። ይሄ ሁሉ ከእንጨቱ ብቻ አይመጣም፣ የውስጡ ቀዳዳ አወጣጥና የቁልፉ ሥራ ነው ትልቁ ነገር። እኔ ግን ይህን ዕቃ ከያዝኩ ወዲህ ልምምድ ላይ ብዙ መቆየት ጀምሬያለሁ፣ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ገና ማለት በጋ ነው። አየሩ ደረቅ ነው፣ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀን ይሞቃል። ለአዲስ እንጨት ከዚህ የባሰ ወቅት የለም። ግሬናዲላ የሚሉት ይሄ ጥቁር እንጨት በብዛት ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው የሚመጣው፣ ከክብደቱ የተነሳ ውሃ ላይ አይንሳፈፍም። ሆኖም ውስጡ በትንፋሽሽ እየረጠበና እየሞቀ ውጪው ደረቅ ከሆነ ይሰነጠቃል። የአንድ ጓደኛዬ ክላርኔት የላይኛው ክፍል ላይ፣ ከትሪል ቁልፎቹ (ሁለት ኖታ በፍጥነት ለማፈራረቅ ከሚያገለግሉት) አጠገብ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አወጣ። ድምፁ ወዲያው አልተለወጠም፣ ስንጥቁ ግን ቀዳዳው ድረስ ሲደርስ ግማሹ ኖታ ጠፋ።

ስለዚህ ካስመጣሽ መጀመሪያ ሳምንታት በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ንፊበት። ቀሪውን ልምምድ በያማሃው ጨርሺ። በብርድ ጠዋት ገና ከሳጥኑ እንዳወጣሽው አትንፊው፣ የላይኛውን ክፍል በእጅሽ ወይም ብብትሽ ሥር ይዘሽ አሙቂው። ስትጨርሺ ውስጡን በጨርቅ ጥረጊው፣ መጋጠሚያዎቹንም ጭምር፣ ውሃ እዚያ ነው የሚደበቀው። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚጠብቅ ነገር አስቀምጪ። ፕላስቲኩን ደግሞ በፍጹም እንዳትሸጪው። ሠርግ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ሜሪላንድ ሃይ ስኩል ባንድ ውስጥ ነኝ። እዚህ ብዙው ልጅ ሲጀምር አይገዛም፣ ይከራያል። በየወሩ ትከፍላለህ፣ ብዙ ሱቆች ዘንድ የከፈልከው ከዋጋው እየተቀነሰ በመጨረሻ ያንተ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነው የጀመርኩት። አሁን ያማሃ 450 ይዣለሁ፣ እሱም እንጨት ነው። የምመኘው የቡፌ ክራምፖን አር13 ነው፣ እንደ ሁሉም ሰው። ከ1955 ጀምሮ የሚሠራ ሞዴል ነው፣ እዚህ አሜሪካ ኦርኬስትራ ውስጥ ብዙ ሰው የሚይዘው እሱን ነው። አዲሱ ግን ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው።

ለአክስትሽ የምላት አለኝ። አዲስ ብቻ አትይ በያት። ልጆች ባንድ ሲያቆሙ ጥሩ ጥሩ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ነገር ግን ከኢንተርኔት በፎቶ አይታ አትግዛ። ጠጋኝ ካለው ሱቅ ትግዛ፣ ፓዶቹ ተፈትሸው እንደሆነ ትጠይቅ፣ የዋስትና ወረቀት ትቀበል። ስሙ ያልታወቀ፣ ዋጋው ከአንድ ጥሩ ማውዝፒስ ብዙም የማይበልጥ ክላርኔት ካየች ትለፈው። የእነዚያ ቁልፍ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ሲነካ ይጣመማል፣ ጠጋኞችም እሱን ለመንካት ደስ አይላቸውም።

እንጨት ከሆነ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከትታ እንዳትልከው። እጇ ላይ ትያዘው። ሳጥኑ ትንሽ ነው፣ ከመቀመጫ በላይ ይገባል።

ሪድ እንደልብ አይገኝም ካልሽ ደግሞ አንድ ሰው ሠራሽ ሪድ ታምጣልሽ፣ ሌዤር የሚባለውን። የአንዱ ዋጋ የአንድ ፓኮ የሸምበቆ ሪድ ያህል ነው፣ ግን አይደርቅም፣ አይጣመምም፣ ወራት ይቆያል። ድምፁ የሸምበቆውን ያህል ቀለም የለውም የሚሉ አሉ፣ እኔም ኮንሰርት ላይ ሸምበቆ ነው የምጠቀመው። ለልምምድ ግን ግልግል ነው።

ለአር13 ቆጥቢ፦
እኔ በእነዚህ ሐሳቦች አልስማማም። መሃለኛ ዕቃ ገዝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። በሙያው መቀጠል የምትፈልጊ ከሆነ ያለሽን ይዘሽ ቆይ፣ የአክስትሽን ገንዘብ አስቀምጪ፣ አንድ ጊዜ አር13 ግዢና ተገላገይ።

ማርሽ ባንድ፦
ወንድሜ፣ ሐሳብህ መጥፎ አይደለም፣ ግን ይህች ልጅ የምትማረው ዛሬ ነው። 4 ሺህ ዶላር እስኪጠራቀም ድረስ የላይኛው ቢ እየጠፋባት ፈተና ትቀመጥ? በዚያ ላይ አር13 አዲስ አበባ ላይ ቢሰነጠቅ ማን ነው የሚጠግነው? እንጨት አጣብቆ ቀለበት የሚያስገባ ጎበዝ ባለሙያ እንደልብ አይገኝም። ዕቃ ስትገዛ ጠጋኙንም አብረህ ማሰብ አለብህ።

ከአራት ኪሎ፦
ጋሼ ማርሽ ባንድ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወረቀቱን ነገር ሞከርኩት። አንደኛው ፓድ ወረቀቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ሁለተኛው ዝም ብሎ ይለቀዋል! ነገ ጠጋኝ ጋ እወስደዋለሁ። የላይኛው ክፍል ግን ሲሳብ ጥሩ ይዟል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ማውዝፒሱን ወደ 5አርቪ ላየር ከቀየርኩ የሪድ ቁጥሬ ይቀየራል? ሌላው፣ ትዝታና ባቲ ከክራርና ከኪቦርድ ጋር መጫወት እፈልጋለሁ፣ ትምህርት ቤት የምንሠራው በአብዛኛው የፈረንጅ ነው። ለዚህ የዕቃው ዓይነት ለውጥ ያመጣል?

ከአሽዶድ፦
በሁለተኛው ልምጣ። እኔ እስራኤል ነው የምማረው፣ እዚህ ክላርኔት ሲባል ብዙ ሰው ክሌዝመር ነው የሚያስበው፣ ያ የሚያለቅሰው የአይሁድ የሠርግ ሙዚቃ። ድምፁን ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እያንሸራተቱ ነው የሚጫወቱት። ያንን ለትዝታ አምጥቼው በጣም ተስማምቶኛል። የምትፈልጊው ቀዳዳው ክፍት የሆነ፣ ቀለበት ያለው ተራ ክላርኔት ነው፣ ያማሃሽም እንደዚያ ነው። ጣትሽን በአንዴ አታንሺው፣ ከቀዳዳው ላይ ወደ ጎን ቀስ እያደረግሽ አንሸራቺው፣ ከንፈርሽንም ትንሽ ላላ አድርጊው። ለዚህ የእንጨትና የፕላስቲክ ልዩነት የለም።

የዜማውን ቁልፍ፣ ማለት የምትጀምሪበትን ኖታ፣ ግን አስቢበት። ያንቺ ቢ ፍላት ክላርኔት ነው፣ አንቺ ሲ ስትነፊ ኪቦርዱ ላይ ቢ ፍላት ነው የሚሆነው። ኪቦርዱ በሲ ትዝታ ሲጫወት አንቺ ከዲ ትጀምሪያለሽ፦ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ። ዘፋኙ በኢ ፍላት ከፈለገ አንቺ በኤፍ። ሌላው፣ የዋሽንት ልማድ ካለሽ እንዳያሳስትሽ። ዋሽንት ትንፋሽ ሲጠነክር አንድ ኦክታቭ ይዘላል፣ ክላርኔት ግን ወደ 12ኛው ኖታ ነው የሚዘለው፣ ማለት ከኦክታቭ አልፎ አንድ አምስተኛ ይጨምራል። ስለዚህ አንዱን ዜማ ታች የተጫወትሽበት የጣት አቀማመጥ አንድ ኦክታቭ ከፍ ስትይ አይሠራም። ትዝታን በሁለቱም ከፍታ ለየብቻ ተለማመጂው።

ጥቁር እንጨት፦
ስለ ሪዱ፦ አፉ ሲሰፋ ተመሳሳዩ ሪድ ይከብድሻል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለችው፣ እዚህ ሪድ ቶሎ ይደርቃል፣ ጠንከርም ይላል። 2 ተኩሉን ይዘሽ ቀጥይ፣ ከመጀመሪያው ወደ 3 አትዝለይ። ሦስት አራት ሪድ እያፈራረቅሽ ተጠቀሚ፣ አንዱን ብቻ እስኪሞት አትንፊው።

ከአራት ኪሎ፦
ሁላችሁም ተባረኩ። ወስኛለሁ። ያማሃውን አስጠግናለሁ። አክስቴ 5አርቪ ላየር ማውዝፒስ፣ ሁለት ፓኮ ሪድና አንድ ሌዤር ታመጣለች። ኢ11ን አልተውኩትም። የተፈተሸ ያገለገለ ካገኘች ለክረምቱ ስትመጣ እንድትይዝልኝ እነግራታለሁ፣ ያኔ አየሩም እርጥብ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ማውዝፒሱ ሲገዛ ሊጋቸሩ (ሪዱን ማውዝፒሱ ላይ የሚያስረው) አብሮ ይመጣል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
አይመጣም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ግን የ4ሲው ሊጋቸር ሊገጥምልሽ ይችላል፣ ሁለቱም የተለመደው የቢ ፍላት መጠን ናቸው። መጀመሪያ በእሱ ሞክሪው፣ ብሎኖቹ ሪዱን እኩል ከያዙልሽ ሌላ መግዛት አያስፈልግም።