የካርካሶን ግንብ በ2 ሳምንት እንዴት ተረታ?

ጥያቄ — ባለካርታው

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ክረምት ደቡብ ፈረንሳይ ሄጄ የካርካሶንን ጥንታዊ ከተማ ጎብኝቼ ነበር። ከኦድ ወንዝ ማዶ ሆነው ሲመለከቱት፣ ድርብ ቅጥሩና ሾጣጣ ክዳን ያላቸው ማማዎቹ የሚደፍራቸው ጦር የሚኖር አይመስልም። ከጉዞው በኋላ ያነበብኩት ግን ካየሁት ጋር አልገጥም አለኝ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 3ኛ ካታሮች በሚባሉት መናፍቃንና በጠባቂዎቻቸው ላይ ያዘመቱት የመስቀል ጦር እ.ኤ.አ. በ1209 በኦገስት ወር መግቢያ ከከተማው ሥር ሰፈረ፤ በዚያው ወር በ15ኛው ቀን ከተማው እጁን ሰጠ። በአንጻሩ ቴርም የተባለው፣ በተራራ ላይ የተሠራ አነስተኛ ምሽግ በሚቀጥለው ዓመት 4 ወር ያህል ተቋቁሟል። ትልቁ ቶሎ ወድቆ ትንሹ እንዴት ቆየ? የውስጥ ከዳተኛ ነበረ ወይስ እኔ ያላስተዋልኩት ሌላ ነገር አለ?

መልስ — የድንጋይ ሥራ

ሙያዬ ግንባታ ስለሆነ ከድንጋዩ ልጀምር። እርስዎ ያዩት ካርካሶን የ1209ኙ ካርካሶን አይደለም። የውጪው ቅጥር የተጨመረው ከተማው በፈረንሳይ ንጉሥ እጅ ከገባ በኋላ፣ ማለትም ከ1226 ወዲህ ነው፤ ዓይንዎን የሳቡት ሾጣጣ ክዳኖችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክት ቦታውን ሲያድስ የመጡ ናቸው (ለአካባቢው የማይስማማ የሰሜን አገር ክዳን ነው ብለው የሚወቅሱት ዛሬም አሉ)። በ1209 የነበረው ነጠላ ቅጥር ነው፤ መሠረቱ ከሮማውያን ዘመን የቀረ ሲሆን፣ ከቅጥሩ ውጪ ደግሞ የየራሳቸው ደካማ አጥር ያላቸው ሰፈሮች ነበሩ።

ይህም ሆኖ ነጠላው ቅጥር ራሱ አልተደረመሰም። የከተማው ዕጣ የተቆረጠው በሰፈሮቹ ነው። የሰሜኑ ሰፈር ወዲያው ተያዘ። የደቡቡ ጠንክሮ ስለተዋጋ፣ ከባቢዎቹ «ድመት» የሚሉትን መሣሪያ አመጡበት፤ ይኸውም በበሬ ቆዳ የተሸፈነ ባለ 4 መንኰራኩር ጋሪ ሲሆን፣ ቆፋሪዎች ከሥሩ ተከልለው እስከ ግንቡ ድረስ ይጠጋሉ። ተከላካዮቹ እሳትና ድንጋይ አዝንበው ጋሪውን ቢያጠፉትም፣ ቆፋሪዎቹ የግንቡን ሥር ቦርቡረው በውስጡ ተደብቀው ስለነበር በማግሥቱ ግድግዳው ተናደ።

ሰፈሮቹ ሲያዙ ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ አብሮ ተዘጋ። ወሩ ኦገስት ነው፤ አገሩ ላንግዶክ፣ ማለትም በዚያ ወር ሙቀትና ድርቅ የሚበረታበት ደቡብ ፈረንሳይ ነው። ከየገጠሩ የሸሸው ሕዝብ ከነከብቱ ወደ ከተማው ገብቶ ነበር። ጉድጓዶቹ ነጠፉ፤ የታረዱት ከብቶች ሽታና የዝንቡ ብዛት ሰውን መቆሚያ አሳጣው። የከተማው ጌታ ቪኮንት ሬሞን ሮዤ ትራንካቬል በ24 ዓመቱ ለድርድር ወጥቶ በዚያው ተያዘ፤ በኖቬምበር ወርም በእስር እንዳለ ሞተ። ሕዝቡ ሕይወቱ ተርፎለት፣ ሸሚዝና ሱሪ ብቻ ለብሶ፣ ንብረቱን ሁሉ ጥሎ ወጣ። ስለዚህ ከዳተኛ መፈለግ አያስፈልግም፤ ከተማውን ያስረከበው ጥም ነው።

መልስ — መዝገብ ቤት

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ቢሆንም ጦሩ ከካርካሶን በፊት የያዛትን ከተማ ቤዚዬን ሳያነሱ ስለ ካርካሶን መናገር ይጎድላል። ቤዚዬ የወደቀችው በጁላይ 22 ቀን 1209፣ ከበባው በቅጡ ሳይጀመር ነው። ጥቂት የከተማው ሰዎች ከበር ወጥተው በሰፈሩ ጦር ላይ ሲያላግጡ፣ የጦሩ ሎሌዎችና ተከታዮች ባለቆመጥ ሆነው፣ አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው፣ እያሳደዷቸው አብረው በበሩ ገቡ። ባላባቶቹ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው እስኪደርሱ ከተማዋ ተይዛ ነበር። የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንደራሴ አርኖ አማልሪክ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው እንደተገደለ ለሮም ጽፏል። ቁጥሩን የታሪክ ተመራማሪዎች የተጋነነ ነው ይሉታል፤ ጭፍጨፋው መፈጸሙን ግን የሚክድ የለም። በየቦታው የሚጠቀሰው «ሁሉንም ግደሉ፣ እግዚአብሔር የራሱን ያውቃል» የሚለው ቃል ከዓመታት በኋላ ጀርመን አገር የነበረ አንድ መነኩሴ የጻፈው ነው፤ በቦታው የነበሩት ሰዎች አላነሡትም።

የቤዚዬ ወሬ ከጦሩ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ከቤዚዬ እስከ ካርካሶን ባለው መንገድ ብዙ ግንቦች ሰው አልባ ሆነው ተገኙ፤ የናርቦን ከተማም ሳትዋጋ ገባች። እንግዲህ ካርካሶን ውስጥ ውሃ ያጣው ሕዝብ፣ በሩ በኃይል ቢሰበር ምን እንደሚጠብቀው ከ3 ሳምንት በፊት የሆነውን ያውቃል። በእኔ ግምት ጥሙን የሚያስከነዳ ፍርሃት ነበር።

መልስ — የድንጋይ ሥራ

ፍርሃቱን አልክድም። ነገር ግን በፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ ወሬ የሰማችው ሚኔርቭ በሚቀጥለው ዓመት 7 ሳምንት ያህል ባልተቋቋመች ነበር። ሚኔርቭ በሁለት ጥልቅ ገደሎች መካከል፣ እንደ አምባ በቆመ ዐለት ላይ የተቀመጠች ናት። ከካርካሶን መያዝ በኋላ የመስቀል ጦሩ መሪ የሆነው ሲሞን ደ ሞንፎር ገደሉን መውጣት ስለማይቻል ከማዶ ሆነው የሚወረውሩ የድንጋይ መወርወሪያዎችን አቆመ፤ ከሁሉ ትልቁን «ክፉ ጎረቤት» ብለው ጠሩት። የከተማዋ ጉድጓድ ከገደሉ ግርጌ ስለነበር ክፉው ጎረቤት ወደ ውሃ የሚያወርደውን መንገድ ይደበድብ ጀመር።

አንድ ሌሊት ከከተማዋ ጥቂት ሰዎች ተንሸራተው ወጥተው፣ በጭድና በደረቅ እንጨት የተሞሉ፣ ስብ የተቀቡ ቅርጫቶችን ከመሣሪያው ላይ ሰቅለው እሳት ለኮሱበት። ሊሳካላቸው ጥቂት ሲቀር፣ ከመሣሪያው ሠራተኞች አንዱ ለሽንት ተነሥቶ እሳቱን አየና ጮኸ። ቢያቆስሉትም ጩኸቱ ሰፈሩን ቀሰቀሰ፤ እሳቱ ጠፋ፤ መሣሪያው መወርወሩን ቀጠለ። ከተማዋ በጁላይ ወር ተሰጠች፤ ሃይማኖታቸውን አንለውጥም ያሉ 140 ያህል ካታሮችም ተቃጠሉ። ያ ሰው እስከ ንጋት ቢተኛ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ — ባለካርታው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውሃውን ተረድቻለሁ። ነገር ግን ከባቢው ጦር ዝም ብሎ ተቀምጦ ጉድጓዱ እስኪደርቅ መጠበቅ ከቻለ፣ ቴርም ላይ 4 ወር ያን ያህል የተቸገረው ለምንድን ነው? የመጀመሪያው ጥያቄዬ ገና አልተመለሰም።

መልስ — ዘግይቶ መጪ

ዘግይቼም ቢሆን ልመልስ። ከባቢውም የራሱ ሰዓት ነበረበት። ከሰሜን የሚመጣው ባላባት ቃል የተገባለትን የኃጢአት ሥርየት ለማግኘት 40 ቀን ማገልገል ይበቃዋል፤ 40ኛው ቀን ሲደርስ ብዙዎች ዕቃቸውን ጭነው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ሲሞን ደ ሞንፎር በሞቃቱ ወራት ብዙ ጦር ሲኖረው፣ በብርዱ ወራት በጥቂት ታማኞች ብቻ የሚቀርበት ምክንያት ይህ ነው። ተከላካዩ ጉድጓዱን፣ ከባቢው ቀኑን ይቆጥራል ማለት ነው።

ቴርም ላይ ሁለቱ ቆጠራ በአንድ ቀን ተገጣጠመ። ውስጥ ያሉት ወይን ጠጅ ሞልቷቸው ውሃ አልቆባቸው ነበርና የግንቡ ጌታ ሬሞን ደ ቴርም ለማስረከብ ተስማማ። የቦቬው ጳጳስና ሌሎች ታላላቆች ግን ሲሞን እየለመናቸው ጊዜያችን ሞልቷል ብለው ሄዱ። በዚያው ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ ማጠራቀሚያዎቹ ሞሉ፤ በማግሥቱ ስምምነቱ ቀረ። እንግዲህ 4 ወር የቆየው በአብዛኛው በአንድ ሌሊት ዝናብ ነው።

ሆኖም ያ ውሃ ራሱ ጠላት ሆነ። በየበርሜሉ ያጠራቀሙትን ለሊጥም ለወጥም ሲጠቀሙበት የደም ተቅማጥ ገባባቸው። በኖቬምበር 22 ሌሊት የቀሩት ምሽጉን ጥለው በጨለማ ወጡ። ሬሞን ከወጣ በኋላ የረሳሁት ነገር አለ ብሎ ብቻውን ወደ ግንቡ ሲመለስ፣ አንድ ተራ እግረኛ ወታደር አግኝቶ ያዘው።