ቬኒስን በእግር ከእናቴ ጋር፤ ጉልበቷ ግን ያማታል

ልጅ_ከሽቱትጋርት፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ዕድሜዋ 68 ነው። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ለሁለት ቀን ቬኒስ ልወስዳት አስቤያለሁ። ድሮ ጎረቤታችን የቬኒስን ሥዕል ሳሎኗ ውስጥ ሰቅላ ነበር። እማዬ ቡና ልትጠጣ በሄደች ቁጥር እሱን እያየች "ውሃ ላይ እንዴት ቤት ይሠራል?" ትል ነበር።

ችግሩ ጉልበቷ ነው። ሜዳ ላይ ቀስ እያለች አንድ ሰዓት ትሄዳለች። ደረጃ ሲመጣ ግን "አንተ ቀጥል፣ እኔ እዚህ ልቀመጥ" ትላለች። ከተማው ከ400 በላይ ድልድይ እንዳለው፣ አብዛኛውም ባለ ደረጃ እንደሆነ አንብቤ ፈራሁ። በእግር ማየት ይቻላል ወይስ ይቅርብን? ማደሪያስ የት ይሻላል?

ቢኒ_ሮማ፦
ጎንዶላ፣ ያቺን በመቅዘፊያ የምትሄደዋን ቀጭን ጀልባ፣ ሳትሳፈሩ ቬኒስ ሄድን እንዳትሉ! ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

የሜስትሬዋ፦
ቢኒ፣ አንተ ደግሞ። ጎንዶላው በቀን ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነው፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ 110። በዚያ ብር እናትየውን ሁለት ቀን ማንሸራሸር ይቻላል።

ወንድሜ፣ እኔ ካስቴሎ ሰፈር አንዲት አሮጊት እያስታመምኩ ዓመታት ሠርቻለሁ። የሷም ጉልበት እንደ እናትህ ነበር። ስለዚህ ይህን ከተማ የማውቀው በድልድይ ቆጠራ ነው። ሰው "ቅርብ ነው፣ አምስት ደቂቃ" ይልሃል። አምስት ደቂቃው ውስጥ ሦስት ድልድይ እንዳለ አይነግርህም። አንተ ርቀቱን ተወው፣ ድልድዩን ቁጠር።

ማደሪያ ከቬኒስ ማዶ የብስ ላይ ባለችው ሜስትሬ ይረክሳል። ከዚያ ባቡሩ አሥር ደቂቃ ያህል ነው፣ ትራምም አለ። እኔ ብሆን ትራሙን ይዤ ፒያሳሌ ሮማ እወርዳለሁ። ቁጥር 1 ቫፖሬቶ (እንደ አውቶቡስ የሚሠራው የሕዝብ ጀልባ) የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ጀልባው ባቡር ጣቢያው ጋ ሄዶ ሳይጨናነቅ ወንበር ታገኛላችሁ። አንዱ ትኬት 9.50 ዩሮ ነው፣ የሚያገለግለው ለ75 ደቂቃ ብቻ ነው። የ24 ሰዓቱ 25 ዩሮ ነው። እናንተ የ24 ሰዓቱን ግዙ። ወጣ ገባ ማለት ትችላላችሁ፣ ድልድይ ሲያጋጥም በጀልባ ትዘሉታላችሁ። ሳትሳፈሩ በፊት ማሽኑ ላይ ማስነካት እንዳትረሱ፣ ተቆጣጣሪዎቹ አይምሩም።

አሁን መንገዱን ልንገርህ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ካ ዶሮ ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ውረዱ። በጠባቧ መንገድ ቀጥ ብላችሁ ስትወጡ ስትራዳ ኖቫ የሚባለው ሰፊ መንገድ ነው። እዚያው አጠገብ ሳንታ ሶፊያ የምትባል ትንሽ አደባባይ አለች። ከአደባባዩዋ ትራጌቶ ትይዛላችሁ። ትራጌቶ ማለት ሰው የሚያሻግር ጎንዶላ ነው፤ ለእንግዳ 2 ዩሮ። ቢኒ ሰምተሃል? ጎንዶላ በ2 ዩሮ! የምትሻገሩት ታላቁን ቦይ ነው። ሲገቡ ጀልባው ይወዛወዛል፣ ቀዛፊው ግን የእናትህን እጅ ይይዝላቸዋል። አንተ ከኋላ ደግፋቸው። ማዶ ስትደርሱ የሪያልቶ ዓሣ ገበያ ፊት ለፊታችሁ ነው። እሑድና ሰኞ ዓሣው የለም፣ በሌላው ቀን በጠዋት ሂዱ። የሪያልቶን ድልድይ ከታች ሆነው ይዩት፣ ከታች ነው የሚያምረው። ከዚያ ሪያልቶ መርካቶ ከሚባለው ማቆሚያ እንደገና ቁጥር 1። ይኸው፣ አንድም ድልድይ አልወጡም።

ለሳን ማርኮ፣ ለትልቁ አደባባይ፣ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳን ዛካሪያ አትውረዱ፤ ከዚያ ወደ አደባባዩ ስትመጡ ደረጃ ያለው ድልድይ አለ፣ ላዩም በፎቶ አንሺ የታጨቀ ነው። ቫላሬሶ ውረዱ፣ ሜዳ ነው።

በሁለተኛው ቀን የኔ ሰፈር ሂዱ። ጃርዲኒ ውረዱና በዛፎቹ መሃል ባለው መንገድ ቪያ ጋሪባልዲ ትደርሳላችሁ። ሰፊ የሆነው ድሮ ቦይ ስለነበር ነው፤ በናፖሊዮን ዘመን ደፍነውት ነው። ልብስ ከመስኮት መስኮት ተሰጥቶ፣ ሽማግሌዎች በረንዳ ላይ ካርታ ሲጫወቱ የምታዩት እዚህ ነው። መጨረሻው ላይ አትክልት የሚሸጥባት ጀልባ ቆማለች።

ስለ አድራሻ አትጨነቅ። ቁጥሩ የሚሄደው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ነው፤ ካስቴሎ ብቻ ከ6,800 ያልፋል። ጉግልም እዚያ ይደናበራል። እንደ አዲስ አበባ ነው የሚጠየቀው፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት። የኔ አሮጊት "ድልድዩን ውረጂና" ብላ ነበር የምትጀምረው። ወደ ሪያልቶና ሳን ማርኮ የሚጠቁም ቢጫ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ታያለህ።

ልጅ_ከሽቱትጋርት፦
እህቴ እግዜር ይስጥልኝ! ይህን የትም አላገኘሁትም። ሁለት ነገር ልጨምር። የመግቢያ ክፍያ አለ የሚባለውስ? ደግሞ እማዬ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ምን ትበላለች?

የሜስትሬዋ፦
ክፍያው ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉ በተመረጡ ቀኖች ነው፣ የኦክቶበር ጉዞህን አይመለከትም። በኦክቶበር የሚያሳስበው ውሃው ነው። ከ2020 ጀምሮ ባሕሩን የሚዘጋው ሞዜ የሚባለው ግድብ ትልቁን ይከላከላል፤ ሳን ማርኮ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ትንሽ ሲሞላም እግር ይርሳል። በጠዋት ትንበያውን እይ።

ለጾም ፓስታ በቲማቲም የሌለበት ቤት የለም፣ "አይብ የለም" በላቸው ብቻ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከእናትህ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ አልገባበትም 😄። የሚበሉ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። እኔ አንድ ጊዜ አደባባዩ አጠገብ ዓሣ 8 ዩሮ የሚል አይቼ ገባሁ። ሂሳቡ 48 መጣ። ለካ 8 ዩሮው የመቶ ግራም ዋጋ ነው! "ኤቶ" የሚል ቃል ካየህ መቶ ግራም ማለት ነው። ቡናም ቆማችሁ ጠጡ፣ ስትቀመጡ ዋጋው ይቀየራል።

የሰንበቴው፦
እናትህን አንድ ነገር አሳይልኝ። የሳን ማርኮ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ለወንጌላዊው ማርቆስ አጽም ነው። የእኛ ጳጳሳት ለዘመናት የመጡት ከማርቆስ መንበር፣ ከእስክንድርያ እንደነበር እሳቸው ሳይሰሙ አይቀሩም። አጽሙን በ828 የቬኒስ ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሰርቀው ነው ያመጡት። ትውፊቱ እንደሚለው ፈታሾቹ እንዳይነኩት በአሳማ ሥጋ ሸፈኑት። ከፊት ለፊት ቆማችሁ በስተቀኝ ጫፍ ካለው በር በላይ ያለውን ሞዛይክ ተመልከቱ፣ ፈታሾቹ ሲጸየፉ ተሥሏል። ከአጽሙ የተወሰነው በ1968 እ.ኤ.አ. ለግብጽ ተመልሷል። ካይሮ ላይ ካቴድራሉ ሲመረቅ ጃንሆይም ነበሩ።

ልጅ_ከሽቱትጋርት፦
ተመልሰናል። በሁለቱ ቀን አራት ድልድይ ብቻ ነው የወጣነው፣ አንዱን እኔ ስለተሳሳትኩ ነው። ትራጌቶው ላይ እማዬ እጄን ይዛ ዓይኗን ጨፍና ተሻገረች፤ ማዶ ከደረስን በኋላ "እንደገና እንሂድ" አለችና ተመልሰን ሌላ 4 ዩሮ ከፈልን። ቢኒ፣ ይቅርታ፣ 90ውን አልከፈልንም።

ሞዛይኩን አገኘነው። እማዬ ብዙ ሳቀች። ከዚያ "ሌብነት ግን ሌብነት ነው" ብላ አማተበች።

ከሁለት ቀን ውስጥ የገዛችው አንድ ነገር ነው። ቪያ ጋሪባልዲ መጨረሻ ካለችው ጀልባ ግማሽ ኪሎ ቃሪያ። ባቡሩ ውስጥ እስከ ሽቱትጋርት ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች፣ ትናንት ስንግ ሠራችበት።