«ጳጳስ» እና «ኤጲስ ቆጶስ» ግራ አጋቡኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አስተምራለሁ። ባለፈው እሑድ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጳጳስና ኤጲስ ቆጶስ አንድ ናቸው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ቤት ገብቼ ሳገላብጥ ሁለቱም ከግሪክ የመጡ ናቸው። ኤጲስ ቆጶስ «ከበላይ ሆኖ የሚመለከት፣ ጠባቂ» ማለት ነው። ጳጳስ ደግሞ «አባት» ከሚለው «ፓፓስ»። እስከዚህ ደህና ነበር።

የተጣበቅኩት መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ነው። የሐዋርያት ሥራ 20፥28 «ጳጳሳት» ይላል፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥2 ግን «ኤጲስ ቆጶስ»። ግሪኩ በሁለቱም ቦታ ያው አንድ ቃል ነው! ታዲያ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ በማዕረግ ከኤጲስ ቆጶስ በላይ የሆነው እንዴት ነው? ግእዙስ ምን ይላል?

የቅኔም ሆነ የመጻሕፍት ቤት የምታውቁ፣ እባካችሁ ከእሑድ በፊት ንገሩኝ። ለዚያች ልጅ የተድበሰበሰ መልስ መስጠት አልፈልግም።